ከሰበታ በላይ ያለው ደን
ከልጆች ጋር በእግር በመናገሻ ሱባ

ቅዳሜ ሲመጣ በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ልጆቹን ዛሬ የት እንውሰዳቸው?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። የገበያ ማዕከል ፎቅ ላይ ያለ መጫወቻ፣ በአየር የተነፋ መዝለያ፣ ኬክ ቤት፣ ካልሆነም ዘመድ ቤት ሄዶ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ። አመሻሽ ላይ ወላጅ ኪሱ ሳስቶ፣ ልጅም ስልክ ላይ አቀርቅሮ ወደ ቤት ይገባል። «ዛሬ ምን አየህ?» ቢባል የሚናገረው ብዙም የለውም።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ትከሻ ላይ፣ ጠዋት ሄደው ማታ የሚመለሱበት ጥንታዊ ደን አለ፤ መናገሻ ሱባ። ስሙን የሰማ ብዙ ነው፤ በእግሩ የረገጠው ግን ጥቂት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለዚህ ደንና በውስጡ ስላሉት የእግር መንገዶች፣ ልጆችን ይዞ ለመሄድም ማወቅ ስለሚገባን ነገር እናወጋለን።

መናገሻ የቱ ነው?

መጀመሪያ ብዙዎችን የሚያሳስተውን ነገር እናጥራ። «መናገሻ» ሲባል የአብዛኛው ሰው ሐሳብ የሚሄደው በአምቦ መንገድ ላይ ወዳለችው ትንሽ ከተማና የማርያም ቤተ ክርስቲያን ወዳለችበት ኮረብታ ነው። ስሙ ራሱ የንግሥና ቦታ ማለት ነው፤ በዚያ ነገሥታት ይነግሡበት እንደነበር በትውፊት ይነገራል። ደኑ ግን ከዚያ ኮረብታ የተለየ ነው። መናገሻ ሱባ የሚገኘው በወጨጫ ተራራ ደቡብ ምዕራባዊ ጎን ሲሆን፣ ከአምቦ መንገድ በኩልም ከጅማ መንገድ በኩልም ይኬድበታል።

በጅማ መንገድ የሚሄድ ሰው በሰበታ በኩል ያልፋል። ሰበታ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ ሁሉ ዛሬ በ2015 ዓ.ም በተዋቀረው ሸገር ከተማ ውስጥ ናት። ፋብሪካዎቿን፣ የከባድ መኪናውን ግርግርና የመንገድ ዳር ገበያዋን አልፈው ወደ ቀኝ ሲታጠፉ አስፋልቱ ያልቅና ጥርጊያው መንገድ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ዝቅ ያለ የቤት መኪና ያለው ሰው በክረምት ባይሞክረው ይሻላል። ከመነሳትዎ በፊት ስለ መንገዱም ሆነ ስለ አካባቢው ወቅታዊ ሁኔታ ደኑን ለሚያስተዳድረው ለኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ወይም በቅርብ ለተመለሰ ሰው ደውሎ መጠየቅ ደግሞ የመጀመሪያው ዝግጅት ነው።

ንጉሥ ያስተከለው ደን

ስለ መናገሻ ሱባ ሲወሳ ቀድሞ የሚነሳው ስም የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ንጉሥ ተራራው ተራቁቶ በማየታቸው፣ ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ወፍ ዋሻ ዛሬም በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል በገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ደን ነው። መናገሻ ሱባም በዚህ ታሪኩ ምክንያት በአፍሪካ ረጅም ዕድሜ ካላቸው ጥብቅ ደኖች አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል።

እንግዲህ አስቡት። ከ500 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ዛፍ የሚተክል ሰው ብዙ ጊዜ ጥላው ሥር ሳይቀመጥ ያልፋል፤ የሐበሻ ጥድ ደግሞ ቀስ ብሎ ከሚያድጉት ወገን ነው። ያስተከሉት ንጉሥ ያላዩትን ጥላ ዛሬ የእኛ ልጆች ሊቀመጡበት ይችላሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ የከተማችን የራሷ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር ለቤትና ለአጥር፣ ለማገዶም ጭምር የሚሆነው እንጨት በዙሪያዋ ካለው ደን ይቆረጥ ነበር። ብዙ ዓመት ሳይቆይ እንጨቱ አለቀ። ችግሩ ከመጥናቱ የተነሳ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ እዚያም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ከመፈታት ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ስሙን «ባሕር ዛፍ» አሉት። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ የሚደርስ፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ሆኖ ተገኘ።

እንጦጦ ላይ ዛሬ በብዛት የምናየው ባሕር ዛፍ የዚያ ታሪክ ውጤት ነው። በሌላው አቅጣጫ በወጨጫ ጎን ያለው ደን ግን እንደ ሌሎቹ ጨርሶ አልጠፋም፤ ዐፄ ምኒልክም እንዲጠበቅ ማዘዛቸው ይነገራል። ስለዚህ እንጦጦንና ወጨጫን ጎን ለጎን ያየ ልጅ፣ አንድ ዓይነት ደጋ ላይ የቆሙ ሁለት ተራሮች በሰው ውሳኔ ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ ያለ መምህር ይማራል። አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ተጠበቀ፤ የሆነው ይኸው ነው።

ከተማዋ የቆመችበት ምድርም ቢሆን ድሮ እንዲሁ ነበር። ዛሬ ፒያሳ የምንለው፣ አራዳ ጊዮርጊስ ያለበት አካባቢ የቀድሞ ስሙ ብርብርሳ ነው። ብርብርሳ በኦሮምኛ ዝግባ ማለት ነው። ዛፉ ከአካባቢው ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ለልጅዎ «ፒያሳ ድሮ ምን ይመስል ነበር?» የሚለውን በቃል ከማስረዳት ይልቅ፣ ሱባ ወስደው አንድ ያረጀ ዝግባ ሥር ቢያቆሙት ይቀላል።

ሽቅብ ሲወጡ ደኑ ይለወጣል

ደኑ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ ሽቅብ ይዘረጋል። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከታች ሹራብ አውልቆ የጀመረ ሰው ላይ ሲደርስ ካፖርት ያምረዋል። ዛፎቹም ይህንኑ ቅዝቃዜ ተከትለው በየከፍታው ይለዋወጣሉ።

ከታች ያለው የጥድ፣ የወይራና የዝግባ አገር ነው። የሐበሻ ጥድ ቅርፊቱ በረጃጅሙ እየተላጠ የሚወርድ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ ዛፍ ነው። እንጨቱ ምስጥ ስለማይደፍረው የስንት ቤተ ክርስቲያንና የስንት ቤት ምሰሶ ሆኗል። ወይራን ለመለየት ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ነው፤ ላዩ አብረቅራቂ አረንጓዴ፣ ሥሩ ደግሞ ወርቅማ ቡናማ ነው። እናቶቻችን የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚያጥኑበት፣ አባቶችም መፋቂያ የሚቆርጡለት ይኸው ዛፍ ነው። ዝግባ ከሁሉ ገዝፎ የሚታየው፣ ክብ ፍሬ የሚያፈራው ነው። በየቤታችን «የዝግባ ቁም ሣጥን» ስንል የኖርነው የእሱን እንጨት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ ከልጆች ጋር መጫወት ይቻላል። በከተማ ለአጥር የሚተከለው፣ ለገና የሚቆረጠውም ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ነው። ሱባ አካባቢም በሰው እጅ በመደዳ የተተከሉ የውጭ ዛፎች ያሉባቸው ቦታዎች አሉ። ልጆቹን «የሐበሻው የቱ ነው? የፈረንጁስ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ምስጢሩ ፍሬው ላይ ነው። የሐበሻው ጥድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስለስ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። የፈረንጁ ፍሬ ግን እንጨት የመሰለ ደረቅ ድቡልቡል ሆኖ ሲበስል ይሰነጠቃል። ደግሞም ዝም ብላችሁ አዳምጡ፤ በመደዳ የተተከለው ውስጥ ከዛፉ ሥር እምብዛም የሚበቅል ነገር ስለሌለ ጸጥ ይላል፣ በተፈጥሮው ደን ውስጥ ግን ወፉም ቁጥቋጦውም ሐረጉም ይበዛል። ይህን ልዩነት በጆሮው የሰማ ልጅ «ዛፍ ተከልን» እና «ደን አለን» የሚሉት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ይረዳል።

ከፍ ሲሉ ኮሶ ይመጣል። ቅጠሉ ሰፋፊ፣ አበባው እንደ ወይን ዘለላ የሚንጠለጠል፣ ቅርፊቱ ቀላ ያለ ዛፍ ነው። ወንድና ሴቴ ዛፉ የተለያየ ነው፤ ቀላ ያለ አበባ ያላት ሴቴዋ ናት። ጥሬ ሥጋ በሚወደው አገራችን አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶን መድኃኒት ይጠጡ ነበር። ልጆቹ ወደ ቤት ሲመለሱ አያታቸውን «እማማ፣ ኮሶ ጠጥተው ያውቃሉ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ከፊታቸው መጨማደድ ብቻ ብዙ ታሪክ ያነባሉ።

ከኮሶው በላይ ዛፉ እያጠረ ይሄዳል። አስታና ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ ይቀጥላሉ፤ ከዚያም ጅብራ ይታያል። ነፋሱ ይበረታል፤ ምድሩ ወደ ሣርና ቁጥቋጦ ይለወጣል፤ ሰማዩም ይከፈታል። ጥርት ባለ ቀን ከተራራው ትከሻ ሆኖ ወደ ታች ሲያዩ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ከዚህ ተራራ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ አዋሽ የሚገቡ ናቸው። በስፖንጅ እንደተያዘ ውሃ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቀው ይኸው ደን ነው። ደን የሌለው ተራራ በክረምት ጎርፍ ይለቃል፣ በበጋ ደግሞ ጅረቱ ይደርቃል።

ጉሬዛውና ድኩላው

ልጆች ከዛፍ ይልቅ እንስሳ ማየት እንደሚመርጡ ግልጽ ነው። በሱባ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጉሬዛ ነው። ነጭ ካባ የደረበ ጥቁር ዝንጀሮ ይመስላል። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል አራቱን ጣቶቹን እንደ ሜንጦ ይጠቀምባቸዋል። የሚበላው በአብዛኛው ቅጠል ስለሆነ፣ ሆዱ እንደ ከብት ሆድ በክፍል የተከፋፈለ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ታገኙታላችሁ። እሱ በዛፉ ጫፍ ከተቀመጠ ቸኩሎ የሚሄድ አይደለም፤ ተቀምጦ ማየት ነው።

ሌላው የምኒልክ ድኩላ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ እንጂ በሌላ አገር የማይገኝ የድኩላ ዝርያ ነው። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ሴቷ ቀላ ያለች ናት። ሲደነግጥ የሚያሰማው ድምፅ የውሻ ጩኸት ስለሚመስል የማያውቅ ሰው «እዚህ ጫካ ውስጥ የማን ውሻ ነው?» ይላል። ሚዳቋ፣ ዝንጀሮና የዱር አሳማም አሉ። ነብርም እንዳለ ይታወቃል፤ ግን የሌሊት እንስሳ ስለሆነ፣ ከሰውም ስለሚሸሽ እሱን አያለሁ ብሎ መሄድ ዋጋ የለውም።

ወደ ላይ ቀና ማለትም አይረሳ። በዛፎቹ መካከል ስትበር ክንፏ ድንገት እሳት የመሰለ ቀይ ሆኖ የሚታይ አረንጓዴ ወፍ አለች። ስታርፍ ቀዩ ይጠፋል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቁሩ ወፍራም የሆነው ቁራም የአፍሪካ ቀንድ ብቻ ሀብት ነው።

ከዚህ ሁሉ ምን ያህሉን እንደምታዩ የሚወስነው አንድ ነገር ነው፤ ድምፃችሁ። በስልክ ሙዚቃ ከፍቶ፣ እየተጯጯኸ የሚሄድ ቡድን ከራሱ በቀር ሌላ አያይም። ለልጆች «ማን ነው ቀድሞ ጉሬዛ የሚያይ? ግን ያወራ ይሸነፋል» ማለት ከመቶ ተግሣጽ ይሻላል።

የቱን መንገድ፣ ከየትኛው ልጅ ጋር?

በደኑ ውስጥ አጫጭርም ረጃጅምም የእግር መንገዶች አሉ። አንዳንዱ በትላልቆቹ ዛፎች መካከል ዞሮ የሚመለስ ነው፤ ረጅሙ ደግሞ ወደ ተራራው ጫፍ ይወስዳል። የትኛውን እንምረጥ የሚለው በአባት ጉልበት ሳይሆን በትንሹ ልጅ እግር ይወሰናል።

ጥሩ መነሻ የሚሆን አንድ አሮጌ ስሌት አለ። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ነው። ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመር ይላል። ይህ ለጠንካራ ጎልማሳ ነው። ከልጆች ጋር ሲሆን እጥፍ ማድረግ፣ ዕረፍቱን ደግሞ ለብቻ ማሰብ ነው። ለምሳሌ 5 ኪሎ ሜትር ተጉዘው 600 ሜትር ቢወጡ በስሌቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከልጆች ጋር ግን አራት ሰዓት ይያዝለት። መውረድም አለ።

በዚህ መሠረት፦

ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፦ ከታች ባሉት ትላልቅ ዛፎች መካከል የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ዙር ይበቃል። ለእነሱ አንድ የወደቀ ግንድና ጉንዳን የሚመላለስበት ቀዳዳ ከተራራ ጫፍ ይበልጣል።

ከ7 እስከ 12 ላሉት፦ እስከ ኮሶው ከፍታ መውጣት ይቻላል። ግማሽ ቀን ይወስዳል። «አባዬ፣ መቼ ነው የምንደርሰው?» ማለታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ በየሠላሳ ደቂቃው አጭር ዕረፍት አስቀድማችሁ ቁረጡላቸው።

ከ13 በላይ ለሆኑና መራመድ ለለመዱ፦ የጫፉ መንገድ ሙሉ ቀን የሚጠይቅ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታ ቢለምድም ከ3,000 ሜትር በላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ ራስም ሊያም ይችላል። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ወይም የደከመው ካለ «ትንሽ ነው የቀረን» ሳይባል መመለስ ነው። ተራራው የትም አይሄድም።

በጉዞ ላይ ቀርፋፋው ልጅ ከፊት ይሁን፤ ሌላው በእሱ ልክ ይራመድ። ከኋላ ደግሞ ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ይኑር። አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱን በእናቱ ቦርሳ ሳይሆን በራሱ ኪስ ይያዝ።

ሰዓትን በተመለከተ፣ ከቤት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ መነሳት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊትም ወደ መኪናው መመለስ ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ በተራራው ላይ ዳመና መሰብሰብ ይወዳል። ጫካ ውስጥ ደግሞ ከሜዳ ቀድሞ ይጨልማል።

ወራቱን ለመምረጥ፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ምድሩ አረንጓዴ፣ ሰማዩም የጠራ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋቱ ብርድ ቢሆንም መንገዱ ደረቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለቤተሰብ አይመከርም፤ ጭቃውም ያዳልጣል፣ ጉሙም መንገድ ያስታል።

ስንቅና ጫማ

ለዚህ ጉዞ ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ፣ ሊደረብ የሚችል ልብስ፣ የዝናብ ልብስና ኮፍያ ይበቃል። ነጠላ ጫማና ቁምጣ ይቅር፤ መንገዱ ዳር ሳማ አለ። ሳማ የነካው ልጅ ያለቅሳል እንጂ አይጎዳም፤ ቦታውን ሳያኩ በውሃ ማጠብ ነው። ከፍታው ስለሚያይል ፀሐይዋ በብርድም ውስጥ ታቃጥላለች።

ስንቁስ? አባቶቻችን መንገድ ሲወጡ የሚይዙት ዛሬም የሚበልጥ አልተገኘለትም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድፎ ዳቦ። የጾም ወቅት ከሆነ ጭኮው በዘይት ሊታሽ ይችላል። ሙዝና ብርቱካን ይጨመር። ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ይያዝ፤ የጅረቱን ውሃ ንጹሕ መስሎ ቢታይም አለመጠጣት ይሻላል። በደኑ ውስጥ ሱቅ ይገኛል ብሎ ባዶ እጅ መሄድ ስሕተት ነው። ድንኳን ተክሎ ለማደር የሚያስብ ቤተሰብ ደግሞ አስቀድሞ ፈቃዱንና ሁኔታውን ይጠይቅ።

አንድ ነገር ግን ገንዘብ ቢያስወጣም አይቅር፤ የአካባቢው መንገድ መሪ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። ጉሬዛው ዛሬ የት እንደዋለ፣ የትኛው መንገድ እንደተበላሸ የሚያውቀው እዚያ ያደገ ሰው ነው። ልጆቹም የዛፎቹን ስም በኦሮምኛ ከእሱ ይማራሉ። ጥድ ጋቲራ፣ ወይራ ኤጀርሳ፣ ዝግባ ብርብርሳ፣ ኮሶ ሄጦ ነው። መምሪያው ዕድሜው የገፋ ከሆነ «አባባ»፣ ወጣት ከሆነ «ጋሼ» ብለው አክብረው ይጥሩት።

የመግቢያው ሒሳብ ለምንድን ነው?

አንዳንድ ሰው «ዛፍ ለማየት ደግሞ ይከፈላል እንዴ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ መልስ አለው።

ከሰበታም ሆነ ከቡራዩ በኩል ወደ ተራራው ቀና ብሎ ያየ ሰው ቤቶች ወዴት እያደጉ እንደሆነ ይመለከታል። ቆርቆሮው በየዓመቱ ሽቅብ ይወጣል። አዲስ ቤት እንጨት ይፈልጋል፤ አዲስ ምድጃም ማገዶ ይፈልጋል። በእንጦጦ ቁልቁል ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ የእንጨት ሸክም ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ሁላችንም አይተናል። በደን ዳር የሚኖር ሰው ልጁን ማብላት አለበት፤ ከቆመ ዛፍ ምንም የማያገኝ ከሆነ ከተቆረጠ ዛፍ ለማግኘት ይገደዳል። በእሱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ይልቅ ዛፉ ቆሞም እንዲያበላው ማድረግ ይበጃል።

ጎብኚ የሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ፣ ለመንገድ መሪው የሚሰጠው አበል፣ ከመንደሩ የሚገዛው ማርና እንቁላል ለዚህ ነው። የሚመጣው ሰው ከበዛ፣ በአካባቢው ላለ ወጣት ጉሬዛው ከነዛፉ የዕለት ጉርሱ ይሆናል። ማንም ካልመጣ ግን ደኑ በሒሳብ መዝገብ ላይ የሚታየው በእንጨቱ ዋጋ ብቻ ነው። ከ500 ዓመት በላይ የቆየው ጥላ ያለው እንግዲህ በንጉሥ አዋጅ ላይ ሳይሆን በእኛ ቅዳሜ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ልክ መምጣታችን ጉዳት እንዳይሆን መጠንቀቅ አለብን። የውሃ ላስቲክና የብስኩት ወረቀት ይዘን እንደሄድን ይዘን እንመለስ። ለጉሬዛም ሆነ ለዝንጀሮ ምግብ አንወርውር፤ የሰው ምግብ የለመደ ዝንጀሮ ነገ የገበሬውን ማሳ ይወርራል፣ የልጅ እጅም ይነጥቃል። ከመንገዱ አንውጣ፤ ስማችንን በዛፍ ላይ አንቅረጽ። በደረቁ ወራት ደግሞ እሳት ፈጽሞ አይነካ፤ ከላይ ያለው የአስታ ቁጥቋጦ አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት ያስቸግራል። ቡናውን በፔርሙዝ ይዞ መምጣት ነው።

እስከ ሱባ ለማይሄዱ

ትንንሽ ልጆች ያሉት ወይም መንገዱ የሚከብደው ቤተሰብ ቀለል ባሉ ቦታዎች ሊጀምር ይችላል። በቡራዩ በኩል የገፈርሳ የውሃ ግድብ አካባቢ ለወፍ ተመልካቾች የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ እዚያ ይታያል። ግድቡ አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ ስለሆነ ግን ከዳር ሆኖ መመልከት ነው። የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አትሌቶቻችን የሚለማመዱበት ሰፊ ሣር ነው፤ ልጆች ከሯጮች ኋላ ኋላ እየሮጡ ሊስቁ ይችላሉ። በ2013 ዓ.ም የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም የተሠራ የእግር መንገድ ስላለው ለጋሪና ለአያቶች ይመቻል። በሦስቱም ቦታ ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ችግር የተራመደ ልጅ ለሱባ ደርሷል ማለት ነው።

ከጉዞው በኋላ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለ። ክረምት ሲገባ በየሰፈሩ ችግኝ መትከላችን አይቀርም። ያኔ ልጁን ይዛችሁ ወደ ችግኝ ጣቢያ ሂዱና ምርጫውን ለእሱ ተዉት። «ይሄ የፈረንጅ ነው፣ የሐበሻውን ስጡኝ» ካለ ሱባ ሄዶ ያየውን አልረሳም ማለት ነው። ጥዱ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ ውሃ የማጠጣቱን ተራ ከወዲሁ ለልጆቹ አከፋፍሉ።